ኮምፒውተር የጣፈው ድሪቶ

በእኛ አገር ችግር የሚድነው ስሙ ሲቀየርለት ነው። ይህን ከሐኪም አልሰማሁትም፤ ሰቆጣ ተቀምጬ ለዓመታት የሰው ደብዳቤ ስተይብ የደረስኩበት ነው። ረሃብ ስብሰባ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ “የምግብ ዋስትና ክፍተት” ይባላል። ልመና በሦስት ቅጂ ተተይቦ ፊርማ ሲያርፍበት “ፕሮፖዛል” ይሆናል። እዚሁ ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ላይ ዝናቡ ቀርቶ፣ ማሽላው በቆመበት ደርቆ፣ ፍየሉ ተራ በተራ ሲያልቅ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው “የአየር ጠባይ መዛባት” ሆኖ፣ ታጥቦና ተበጥሮ ነው። እናንተስ ብትሆኑ እንዲህ ያማረበትን እንግዳ ረሃብ ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? ነውር ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ነውር ይፈራል።

“ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት” የሚባለው ድሮ ነው። በእኔ ዕድሜ ስም የሚወጣው ከውጭ ሆነ፤ ቤትም ጎረቤትም እኩል ተከታይ ሆነ። በዚህ መካከል የእኔ ሥራ ማስተርጎም ነበር። እንግዲህ በዚህ ወግ ውስጥ የምወቅሰው ሰው ቢበዛባችሁ አትዘኑብኝ፤ ራሴንም ከሰልፉ አላወጣሁትም።

ነገሩ የሆነው ኮምፒውተር ሰቆጣ በገባበት ሰሞን ነው። ባጃጅ ገና አልመጣም፤ መብራት የሚሰጠን ጄኔሬተር ደግሞ ደስ ሲለው ብቻ ይነሣ ነበር። የምሠራበትን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ተዘግቷልና ሙት ወቃሽ አታድርጉኝ። ወልድያ ወርጄ የሦስት ወር የኮምፒውተር ኮርስ ስለወሰድኩ ቢሮው ውስጥ “ባለሙያው” እባል ነበር። እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም እተረጉማለሁ፤ እናቴ የዝቋላ ሰው ስለሆነች የዋግ አገው ቋንቋ ኽምጣንጋውም አያቅተኝም። ባጭሩ በሦስት ቋንቋ ሳልዋሽ መኖር ይጠበቅብኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል የሚገባው ጫማ ወልቆ ነው። አቧራ ይጎዳዋል ተብለን ነው መሰለኝ፤ አንዳንዱ እንግዳ ግን ጫማውን ብቻ ሳይሆን ባርኔጣውንም አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ሩት የምትባል ፈረንጅ ሲዲ ይዛ መጣች። ስሟ የመጽሐፍ ቅዱስ በመሆኑ ካህናቱ ሳይቀሩ ቶሎ ለመዷት፤ ደግ ሴት ነበረች፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሲዲው ውስጥ ያለው ፕሮግራም “ኩዊልት” የሚባል የአልጋ ልብስ መንደፊያ ነው። በእሷ አገር ሴቶች ትንንሽ ጨርቅ ቆራርጠው፣ አንዱን ካንዱ ገጣጥመው፣ ከሥሩ ገበር አድርገው ይሰፉታል አለችን። ድሮ በእጅና በዓይን ነበር፤ አሁን ኮምፒውተሩ ላይ አራት ማዕዘኑን፣ ሦስት ማዕዘኑን ትመርጣለህ፣ ቀለም ትሰጠዋለህ፣ ስንት ክንድ ጨርቅ እንደሚፈጅ እንኳ አስልቶ ይነግርሃል። ከሁሉ የገረመን ግን አንዲት ቁልፍ ናት። አንዱን ማዕዘን ነድፈህ እሷን ስትጫናት፣ ያው ማዕዘን እየተባዛ፣ እየተባዛ ሄዶ አልጋውን ሙሉ ይሸፍነዋል። የቢሮው ሰው ሁሉ ከወንበሬ ኋላ አንገቱን አስግጎ “እሰይ!” አለ። ሩት ያሰበችው የሰቆጣ ሴቶች በዚህ እየነደፉ እንዲሰፉ፣ የሰፉትም ውጭ ወጥቶ እንዲሸጥላቸው ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም።

“ኩዊልት በአማርኛ ምን ይባላል?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ድሪቶ” አልኳት።

ሳላስብ ነው ያልኩት። በዚያ ቢሮ ውስጥ ከተረጎምኳቸው ቃላት ሁሉ እውነተኛው እሱ ይመስለኛል፤ የተቀጣሁትም በእሱ ብቻ ነው።

ድሪቶን ለእናንተ ማስረዳት አይገባኝም። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተጥፎ፣ እራፊው ሌላ እራፊ ወልዶ፣ የመጀመሪያው ልብስ የቱ እንደነበረ ባለቤቱም ሲጠፋው ያን ጊዜ ድሪቶ ይባላል። ከጋዝጊብላ ደጋ በኩል የሚወርደውን የኅዳር ቁር ስንቱ ቤት በምን እንዳለፈው ብታውቁ፣ ድሪቶ ሲገባ ከመቀመጫችሁ ትነሡለት ነበር። ግን ማን ይናገራል? የሞቀን በድሪቶ፣ የምንሰዳደበውም በድሪቶ ነው። ሰው ገመናውን የሸፈነለትን ነገር አይወድም፤ ገመናውን ያውቅበታላ።

ማስታወቂያውን ተየብኩት፤ “ድሪቶ መሥራት የምትፈልጉ ሴቶች ቢሯችን ቀርባችሁ ተመዝገቡ” የሚል። በገበያ ቀን ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ማንበብ የሚችለው ጮክ ብሎ አነበበው፣ የማይችለው ሰምቶ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አንዱ ከሥሩ በእርሳስ “ለብሰነዋል፤ ስንመጣ እናውልቀው ወይ?” ብሎ ጽፎበት አገኘሁ። ሁለት ቀን መዝገብ ዘርግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት መጡ። እማማ ብርነሽ ይባላሉ፤ ግን ከተማው ውስጥ ብርነሽ ብትሉ የሚያውቃቸው የለም፣ “ድሪቶዋ” ካላችሁ ሕፃኑም ቤታቸው ድረስ ይመራችኋል። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ የሰው አሮጌ ልብስ እየጣፉ፣ ከማይጣፈውም እየገጣጠሙ መደረቢያ እየሠሩ አንዲት ሴት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። በነጠላ የጠቀለሉትን ነገር እቅፋቸው ውስጥ እንደያዙ፣

“ድሪቶ ሠሪ ትፈልጋላችሁ አሉኝ። እኔ ነኝ” አሉ።

“ይቀመጡ እማማ። ስምዎን ማን ብዬ ልጻፍ?”

“ብርነሽ በል። ከሥሩ ድሪቶ ሠሪ ብለህ ጻፍ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰድቡኝበት ኖሩ እንጂ የጻፈኝ የለም። በወረቀት ይውጣልኝና ልየው።”

ጻፍኩላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጎንበስ ብለው ጽሑፉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሰው ስድቡን ወረቀት ላይ ምን ያደርግለታል ብዬ ያኔ ተገርሜ ነበር። ስድብ ተጽፎ ከሥሩ ስም ሲቆምበት ሙያ እንደሚሆን የገባኝ ኋላ ነው፤ እሳቸው ይህን ያወቁት ፊደል ሳይቆጥሩ ነው።

ሩት ከነጠላው የወጣውን ድሪቶ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ካኪ ሱሪ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ አቡጀዲ፣ የስንዴ ማዳበሪያ፣ ምን የሌለበት! ግን ዓይን አይጎረብጥም፤ ቀለሙ ከቀለሙ ተስማምቶ ተኝቷል። “የቱን ከየቱ አጠገብ እንደምታደርገው በምን ታውቃለች?” ብላ በእኔ በኩል ጠየቀች። እማማ ብርነሽን የገረማቸው ጥያቄው ራሱ ነው።

“ብርድ በገባበት በኩል ነዋ!” አሉ።

ያንን በትክክል ተረጎምኩት። ሩት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከዚያ ድሪቶው ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ ተባለ። ስካነሩ ያለው ከደብተር የማይበልጥ መስታወት ነው፤ ድሪቶው ደግሞ ሁለት ሰው ያለብሳል። አንዱን ጥግ ብቻ መውሰድ ነበረብንና እኔ ቀይ እራፊ ያለችበትን ጥግ መረጥኩ። የቀረው ቡኒና አመድማ ነው፤ ያቺ አንዲት ቀይ ቁራጭ ስክሪኑ ላይ ደምቃ ታየችኝ። ድሪቶውን ወዲያው መለስንላቸው። የወሰድነው ምስሉን ብቻ ስለሆነ ሌባ ያለን የለም።

በማግሥቱ ኃላፊያችን ጠራኝ። ማስታወቂያው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ በእርሳስ የተጻፈው ሳይቀር። “ሕዝቡን ድሪቶ ልትለው ነው የተቀጠርከው?” አለኝ። “ኩዊልት ሌላ፣ ድሪቶ ሌላ! ኩዊልት ቴክኖሎጂ ነው።” ልዩነቱን ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። እኔም አውቀዋለሁ፤ አንዱን የሚለብሰው የተረፈው ነው፣ ሌላውን የቸገረው። ሩት “ለምን ተቆጣ?” ስትለኝ “ሥራው እንዲሰፋ ይፈልጋል” አልኳት። እንዲህ ነው የሚጀመረው። መዝገቡም አንዲት ስም እንደያዘ ተቀደደ፣ አዲስ ተከፈተ።

አዲሱ ማስታወቂያ “በኮምፒውተር የታገዘ የኩዊልት ዲዛይን ሥልጠና” አለ፤ “አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ” ሲልም ጨመረ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲወጣ ሕዝቡ ምን እንደሆነ ባያውቅም ጥሩ ነገር እንደሆነ ያውቃል። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገድ ላይ ደረሰ። ግማሹማ “የኩላሊት ሥልጠና” ነው ብሎ የመጣ ነበር፤ አንድ የጋዝጊብላ ሽማግሌ የሐኪም ቤት ካርዳቸውን ይዘው ከማለዳ ጀምረው ተሰልፈው፣ ተራቸው ሲደርስ ጎናቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ነገሩ የአልጋ ልብስ መሆኑን ስነግራቸው “ታዲያ እንዲያ በሉና!” ብለው ተቆጥተው ሄዱ። እውነታቸውን ነው።

እማማ ብርነሽም ተሰልፈው ነበር። ስማቸው የተጻፈበት መዝገብ መቀደዱን አልሰሙምና የመጡት ሥራው መቼ እንደሚጀመር ለመጠየቅ ነው። እኔ ደግሞ ፎርም ፊቴ ነበረ፤ ፎርም ፊቱ ያለ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

“እማማ፣ ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል?”

“ቤቴ አንድ ክፍል ናት። ከሷ አላለፍሁም።”

ከኋላቸው ያሉት ልጃገረዶች ሳቁ። እሳቸውም፣ ምኑ እንዳሳቀ ባይገባቸውም፣ ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ክፋት ስለመሰላቸው ሳቁ። “ለዚህ ዙር አይሆንም፤ ለሌላ ጊዜ እንጠራዎታለን” አልኳቸው። ሌላ ዙር እንደሌለ አውቅ ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? እኛ ደግሞ ልጡን ነክረን ስናበቃ ጠበሉ አሥረኛ ክፍል አልጨረሰም አልን። ከሰልፉ ሲወጡ ኋላ የቆመች አንዲት ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐረገወይን ናት፤ ልጃቸው። አይተዋታል። እንዳላዩ ሆነው አለፉ።

ሐረገወይን ላይ አትፍረዱ። ትምህርት ቤት ከገባችበት ቀን አንሥቶ ስሟ “የድሪቶዋ ልጅ” ነው። አሥረኛን የጨረሰችው ያን ስም ተሸክማ ነው፤ ማንም ያልተሰደበበት አዲስ ቃል ሲመጣ ሮጣ ብትገባበት ምን ያስገርማል? እኔም ብሆን እገባ ነበር። ከተመረጡት አሥራ ሁለት ሠልጣኞች ሁሉ ቀድማ ማውሱን የገራችው እሷ ናት። ማውስን መጀመሪያ “አይጥ” ብዬ ተርጉሜው ነበር፤ አንዷ ሠልጣኝ እጇን ሰብስባ “ከጎተራ ስናባርራት ኖረን ዛሬ ጨብጧት ትለናለህ?” ካለችኝ ወዲህ ግን ማውስን ማውስ ነው ያልኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ሩት ከድሪቶው የወሰድነውን ጥግ ከፈተችና ሐረገወይንን ፊቱ አስቀመጠቻት። የልጅቷ እጅ ማውሱ ላይ ደርቆ ቀረ። ሩት ወጣ እስክትል ጠብቃ፣

“ጋሼ፣ ይሄን ማን ሰጣችሁ?” አለችኝ።

“እናትሽ ናቸዋ።”

ግራ ቀኟን አየች። “በማርያም፣ ለማንም እንዳይናገሩብኝ።”

በማርያም ከተባለ ምን ይባላል? እሺ አልኳት። እሷም ጥጉን አቃናችው፤ የዘመመውን ቀጥ፣ የሰፋውን እኩል አደረገችው፣ ፕሮግራሙ የዘመመ ነገር አይወድም። ከዚያ ያችን ቁልፍ ተጫነች። ቀይዋ እራፊ እየተባዛች ሄዳ አልጋውን ሞላችው። ሩት ተመልሳ ስታየው ልጅቷን አቀፈቻት። ፋይሉ ስም ስለሚፈልግ እኔ “ሐረግ” ብዬ ጻፍኩበት፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው እሷ ናትና፣ የብራና ሐረግንም ስለሚያስታውስ ለጆሮ ደህና ነበር። እናትየው ስማቸው ወረቀት ላይ እንዲቀርላቸው ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ያላገኙትን፣ ፋይሉ በአንድ ደቂቃ አገኘ።

በወሩ መጨረሻ ስክሪኑ ላይ የተነደፈው ኩዊልት ለሰቆጣ አልጋ ሁሉ ይበቃ ነበር። የተሰፋ ግን አንድም የለም። ሠልጣኞቹ መርፌ ይዘው አያውቁም፤ ጣታቸውን እየወጉ ጨርቁን በደም አበላሹት። የኋላ ኋላ ከትልቅ ከተማ የመጣው አዲስ ጣቃ በንድፉ ተቆራርጦ ገበያ ውስጥ በረንዳ ላይ ለሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ተወሰደለት። ሰውየው ጨርቁን ዳበሰ፣ የተቆራረጠውን አየ፣ ደግሞ እኔን አየኝ። “ይሄን ጤነኛ ጨርቅ መልሳችሁ ልትገጥሙት ለምን ቆረጣችሁት?” አለኝ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው ብዬ ሳቅኩ።

ከዚያ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ፣ ከክልል እንግዶች መጡ። ትልቁ ኩዊልት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በራሪ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ቀዩ ቁራጭ “በዋግ ተራሮች ላይ የሚፈነጥቀውን የልማት ጮራ ያመለክታል” አልኩ። ማንም ጻፍ አላለኝም፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ ስለተረፈኝ ነው። ሐረገወይን እንግዶቹ ፊት ቆማ ይህንኑ በቃሏ ወጣችው። አንደኛው እንግዳ፣ ደግ መሳይ ሰው፣ “ንድፉን ከየት አገኘሽው?” አላት።

“ከኮምፒውተሩ” አለች።

ዋሸች አልልም። ያገኘችው ከኮምፒውተሩ ነው፤ ኮምፒውተሩስ ከየት አገኘው ብሎ የጠየቃት የለም።

እማማ ብርነሽ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ማን እንደጠራቸው አላውቅም፤ ልጅ ስትመረቅ እናት ሳትጠራም ትመጣለች። ያው ደግ መሳይ እንግዳ አያቸውና የአገር እናት ቃል ቢሰማ ደስ ስለሚለው “እናታችን፣ እርስዎስ እንዴት አዩት?” አላቸው። ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ሄዱ። አንዷን ቀይ በጣታቸው ነኩ። ቀጥሎ ያለችውን ነኩ፣ ከዚያም ሌላዋን። አማርኛው እምቢ አላቸው መሰለኝ በኽምጣንጋ ጀመሩ፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ነው ያሉት፦

“ይቺ እኮ እሳት የበላት ናት። ልጄ ሕፃን ሆና ፍም ላይ ልትወድቅ ስትል ድሪቶውን ጣልሁበት። ጨርቁ ተቃጠለ፣ ልጄ ተረፈች። ቀዳዳውን ከቀሚሴ ጫፍ ቀድጄ ጣፍሁት። አንድ ቀን ነው የተቃጠለው። ለምን አበዛችሁት?”

የከተማው ሰው አብዛኛው ሰምቷል፤ ያልሰሙት እንግዶቹና ሩት ናቸው። የሰማው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። እንግዳው ወደ እኔ ዞሮ “ምን አሉ?” አለኝ። በዚያች ቅጽበት እውነቱን ብናገር እናትየው ስማቸውን ያገኛሉ፣ ልጅቷ አዲሱን ስሟን ታጣለች፣ እኔም ጮራዬን ይዤ እዋረዳለሁ። ለልጅቷ ብዬ ነው ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ለጮራዬ ብዬ ነው።

“እግዚአብሔር ያብዛላችሁ ነው የሚሉት” አልኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እማማ ብርነሽ አማርኛ ይሰማሉ፤ ያልኩትን ሰምተዋል። አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። “አዎን፣ ያብዛላችሁ” ብለው በአማርኛ አጸደቁልኝና ወጡ። እውነቱን የተረጎምኩ ዕለት መዝገቤ ተቀደደ፣ የዋሸሁ ዕለት ተጨበጨበልኝ። አፍሬያለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ከሳምንት በኋላ ሩት አገሯ ገባች። ሐረገወይን ኩዊልቱን ይዛ ባሕር ዳር ለሌላ ኤግዚቢሽን ተላከች። ለሠልጣኞቹ ከታተመው ሰርተፊኬት አንድ ባዶ ተርፎ ነበርና ለእኔ ማካካሻ መስሎ ታየኝ። “ወይዘሮ ብርነሽ፣ በኩዊልት ዲዛይን ላበረከቱት የላቀ አስተዋፅኦ” ብዬ በሚያምር ፊደል አተምኩት፤ ማኅተሙ መሃሉ ላይ ጉብ ብሎ ያምራል። ይዤ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የሰው ሱሪ ጉልበት ሲጥፉ አገኘኋቸው። ብድግ ብለው መቀመጫቸውን ለቀቁልኝ። ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር።

“ምንድን ናት?” አሉ ወረቀቱን አይተው።

“የምስክር ወረቀት ናት እማማ። ስምዎ አለበት።”

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። “አንብብልኝ እስቲ” አሉ። ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

“ድሪቶ የሚለው የቱ ጋ ነው?”

“ድሪቶ አይልም እማማ። ኩዊልት ነው የሚለው፤ ያው ነው።”

“ያው ከሆነማ ድሪቶ ብለህ ጻፍበት። ይኸው፣ እስክርቢቶህ ኪስህ አለች።”

“ማኅተም ካረፈበት በኋላ አይጻፍበትም” አልኳቸው። “ደንብ ነው፤ በእኔ እጅ አይደለም።”

ወረቀቱን እንዳይጨማደድ ተጠንቅቀው መለሱልኝና መርፌያቸውን አነሡ።

“እንግዲያስ የሌላ ሰው ነው፤ ቤት ተሳስተህ ነው ልጄ።”

ይዤው ተመለስኩ። ማኅተሙን የመታሁት እኔው ነበርኩ፤ ማኅተሙ የሚቀመጥበት መሳቢያ ቁልፍም ከእስክርቢቶዋ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ነበር።